የአንባቢያን ጥያቄ፦ ተጽፎ ከነበረ ይሁዳ በምን ይወቀሳል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ክህደቱ አስቀድሞ በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ከሆነ ከሃዲው በምን ይጠየቃል? አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ «የማስተምራቸው ታዳጊዎች ‹ይሁዳ አሳልፎ ባይሰጠው ኖሮ እንዴት እንድን ነበር? ታዲያ ለምን ይረገማል?› እያሉ ይጠይቁኛል። ‹የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው› ስላቸው ነገሩ ይብስባቸዋል። እንዴት ላስረዳቸው?» (የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት)

መልስ፦ የልጆቹ ጥያቄ ከድፍረት የመጣ አይምሰልዎ፤ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ራሱ አንሥቶ መልሶታል። ይሁዳ ያን ያደረገው የተጻፈውን ልፈጽም ብሎ ሳይሆን ከክፋት ተነሥቶ እንደሆነ፣ ያዳነንም የይሁዳ ክህደት ሳይሆን የሰዎችን ክፋት ለእኛ ጥቅም ያዋለው የክርስቶስ ጥበብ እንደሆነ ይናገራል። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው መልስ የሚከሽፈው የእግዚአብሔርን ሐሳብና የይሁዳን ሐሳብ አንድ ላይ ስለሚጠቀልል ነው።

ለትምህርቱ አንድ ግሥ ይበቃዎታል፦ «አሳልፎ ሰጠ»። በግሪኩ ቃሉ አንድ ነው፤ አማርኛውም በአብዛኛው ጠብቆታል። ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉትና «ማን ሰጠ?»፣ «ለማን?»፣ «ምን ፈልጎ?» ብለው ይጻፉ። ጥቅሶቹን ልጆቹ ራሳቸው ያውጡ። ይሁዳ ለካህናት አለቆች ሰጠ፤ የጠየቀውም «ምን ልትሰጡኝ ትወዳላችሁ?» ብሎ ነው (ማቴዎስ 26፥15)። የካህናት አለቆች ለጲላጦስ ሰጡ፤ ጲላጦስ ራሱ እንዳወቀው በቅንዓት (27፥18)። ጲላጦስ ለወታደሮች ሰጠ፤ ሕዝቡን ደስ ለማሰኘት (ማርቆስ 15፥15)። አብ ልጁን ሰጠ፤ «ስለ ሁላችን» (ሮሜ 8፥32)። ወልድ ራሱን ሰጠ፤ ስለ ወደደን (ገላትያ 2፥20)። በአምስቱም መሥመር ግሡ ያው ነው፤ ሦስተኛው ዓምድ ግን አምስት ዓይነት ነገር ይናገራል። ልጆቹን እዚያ ዓምድ ላይ ያቆዩአቸው፤ ወቀሳውም ምስጋናውም የሚወጣው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ማቴዎስ 26፥24ን በአንድ ትንፋሽ ያንብቡላቸው። «የሰው ልጅስ ስለ እርሱ እንደ ተጻፈ ይሄዳል» ይልና «ነገር ግን» ብሎ ወደ «ወዮለት» ያልፋል። ጌታ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቆማቸው እንጂ አንዱን በሌላው አልሰረዘም።

ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በ«የጥፋት ልጅ» (ዮሐንስ 17፥12) ወይም «ሰይጣን ገባበት» በሚለው ሲጀመር ነው። ልጆቹ ይሁዳ ከማኅፀን ጀምሮ የተፈረደበት አሻንጉሊት ይመስላቸዋል። ቅደም ተከተሉን በዮሐንስ ወንጌል ያሳዩአቸው፦ መጀመሪያ ከገንዘብ ከረጢቱ የመስረቅ ልማድ (12፥6)፣ ቀጥሎ በልብ የገባ ሐሳብ (13፥2)፣ ሰይጣን የገባበት ግን ቁራሹን ከተቀበለ በኋላ (13፥27)። በመካከል እግሩ ታጥቧል፤ የወጣው ከዚያ በኋላ ነውና። በአትክልቱ ስፍራም ጌታ የጠራው «ወዳጄ ሆይ» ብሎ ነው (ማቴዎስ 26፥50)። በሩ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልተዘጋም ነበር።

ጥያቄ፦ «እግዚአብሔር አስቀድሞ ካወቀ ይሁዳ ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችል ነበር? ‹መጽሐፍ ይፈጸም ዘንድ› ማለትስ ግዴታ አይደለም?»

መልስ፦ ማወቅና ማስገደድ ሁለት ነገሮች ናቸው። አውጉስጢኖስ በትዝታ ያስረዳል፦ ያለፈውን ማስታወሳችን ያለፈውን እንዲሆን አላስገደደውም፤ የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅም የሚመጣውን አያስገድድም። ከዚህ ምሳሌ ይልቅ እኛን የሚያሳምነን ግን በ1ኛ ሳሙኤል 23 ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፈው የቅዒላ ታሪክ ነው። ንጉሡ ሳኦል ሲያሳድደው ዳዊት በቅዒላ ከተማ ሳለ «የቅዒላ ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኛልን?» ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ «አሳልፈው ይሰጡሃል» ተባለ። ዳዊትና 600 የሚያህሉ ሰዎቹ ተነሥተው ሄዱ፤ ሳኦልም አልመጣም፤ ክህደቱም አልተፈጸመም። እግዚአብሔር ያወቀውና የተናገረው ክህደት ሳይሆን ቀረ ማለት ነው።

«ይፈጸም ዘንድ» የሚለውን ስታነቡ ደግሞ የተጠቀሰውን ብሉይ ኪዳን ገልጣችሁ እዩ። ዮሐንስ 13፥18 የሚጠቅሰው መዝሙር 41፥9ን ነው (በግእዙ አቆጣጠር 40)። በዚያ መዝሙር የይሁዳ ስም የለም፤ እንጀራውን የበላ ወዳጁ የተነሣበት ሰው የራሱን ሕመም ይናገራል። የጥንቱ ሕመም በክርስቶስ ላይ ሞልቶ ታየ፤ «ተፈጸመ» ማለት ይህ ነው። አንድ ልብ የሚነካ ነገር እንጨምር፦ መዝሙሩ ያን ወዳጅ «የታመንሁበት» ይለዋል፤ ጌታ ሲጠቅሰው ግን ይህን ቃል ትቶታል። ዮሐንስ 6፥64 ከመጀመሪያ ያውቅ እንደነበር ይናገራልና። አውቆም መረጠው፣ ከረጢቱን አስያዘው፣ እግሩን አጠበው።

ይህ ሁሉ ተብሎም የሐዋርያት ሥራ 1፥16 «ይፈጸም ዘንድ ይገባ ነበር» የሚል ከባድ ቃል አለው፤ ልናለሳልሰው አንፈልግም። የፕሮቴስታንቱን መምህር የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ የእግዚአብሔርን ውሳኔ ያጎላሉ፤ የምሥራቅ አባቶች አስቀድሞ ማወቁን ያጎላሉ። ይሁዳ በደለኛ ነው በማለት ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ጴጥሮስም በጰራቅሊጦስ ቀን «በተወሰነው በእግዚአብሔር አሳብ» ብሎ ሳይጨርስ «ሰቅላችሁ ገደላችሁት» ይላቸዋል (2፥23)። ኢሳይያስ 10ም እንዲሁ ነው፦ አሦር የእግዚአብሔር የቁጣ በትር ነው፤ «እርሱ ግን እንዲህ አያስብም» ይላል ነቢዩ፤ በልቡ ያለው ማጥፋት ነውና በትርነቱ ከፍርድ አላዳነውም።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ በሽርክና ያፈራነውን ገንዘብ ወስዶ ባዶዬን አስቀረኝ። አሁን ሕይወቴ ሲቃና አይቶ ‹እግዚአብሔር ለመልካም አሰበው፤ ዮሴፍም እንዲሁ ብሏል› ይለኛል። ልቀበለው?»

መልስ፦ ጥቅሱ ትክክል ነው፤ የተናገረው አፍ ግን የተሳሳተ ነው። በዘፍጥረት 50፥20 «እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያለው የተሸጠው ዮሴፍ ነው። የሸጡት ወንድሞቹ በዚያው ቦታ ያሉት «በደላችንን ይቅር በለን» ነው። ዮሴፍም ቢሆን «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ» የሚለውን አላስቀረም። በደለኛው ይህን ቃል ቀድሞ ሲናገረው ኑዛዜ መሆኑ ይቀርና ማምለጫ ይሆናል።

ዮሴፍ ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደቆየ ይቁጠሩት። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለት የራብ ዓመታት ካለፉ በኋላ ራሱን ገለጠላቸው፤ ይህ 22 ዓመት ገደማ ነው። የምዕራፍ 50 ቃል የተነገረው ደግሞ ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ከሞተ በኋላ ነው። ራሱን ከመግለጡ በፊትም ፈተናቸው፤ ፈተናውም የበቀል አልነበረም። በፊት በእርሱ ላይ የደረሰውን ሁኔታ መልሶ ዘረጋላቸው፦ አባቱ የሚወደው የራሔል ልጅ፣ እርሱን ጥሎ በሰላም ወደ ቤት የመሄድ ዕድል። ያን ጊዜ «እንሽጠው» ያለው ይሁዳ (የያዕቆብ ልጅ፣ የስሙ ሞክሼ) አሁን «በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» አለ (44፥33)። ዮሴፍ ድምፁን አውጥቶ ያለቀሰው ያኔ ነው።

ስለዚህ ይቅርታን ዛሬ መስጠት ይችላሉ፤ አመኔታን መስጠት ግን ሌላ ነው። ወንድምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ያደረገውን በስሙ ይጥራው፤ የወሰደውን ይመልስ፤ ዳግም ገንዘብ ሲያዝ በሌላ ሰው ፊትና በጽሑፍ ይሁን። እግዚአብሔር ከዚህ ሁሉ ምን መልካም እንዳወጣ የሚመሰክሩት እርስዎ ነዎት፤ ጊዜውንም የሚመርጡት እርስዎ።

ጥያቄ፦ «ጴጥሮስም ይሁዳም ከዱ፤ ሁለቱም አዘኑ። ይሁዳ ‹ተጸጸተ› እንጂ ‹ንስሐ ገባ› ስላልተባለ ነው የሚሉ አሉ። ልዩነቱ ይህ ነው?»

መልስ፦ በቃሉ ላይ ብቻ አትደገፉ። በማቴዎስ 27፥3 ለይሁዳ የዋለው የግሪክ ግሥ በ21፥29 «አልወድም» ብሎ ኋላ ተጸጽቶ ለሄደው ልጅም ውሏል፤ ያ ልጅ ደግሞ የአባቱን ፈቃድ ያደረገ ተብሏል። የይሁዳን ጸጸት ማቃለልም አይገባም፦ «በድያለሁ» አለ፣ የጌታን ንጽሕና መሰከረ፣ ገንዘቡን መለሰ። በዘሌዋውያን 6 የባልንጀራውን ገንዘብ የወሰደ ሰው አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመልስና ወደ ካህኑ እንዲሄድ ታዟል፤ ይሁዳም የሄደው ወደ ካህናቱ ነበር። እነርሱ ግን «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» ብለው ሰደዱት። ይህ ንግግር እንደ ክህደቱ ሁሉ ሊያስደነግጠን ይገባል፤ ኑዛዜ ሊቀበሉ የተሾሙት ኃጢአተኛውን ከኃጢአቱ ጋር ብቻውን ተዉት።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሄዱበት ነው። ይሁዳ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ በትንሣኤ ማለዳም ከሌላው ደቀ መዝሙር ጋር እናገኘዋለን። ጌታም በፍም እሳት አጠገብ ሦስት ጊዜ የካደውን በፍም እሳት አጠገብ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው።

በከባድ ጸጸት ያለ ሰው ሲመጣባችሁ ከሁሉ በፊት ብቻውን አትተዉት። ሳታቋርጡ ስሙት፤ ቀጥሎ ሊመለስ የሚችለውን ነገር አብራችሁ ፈልጉ። ስለ መሞት ከተናገረ አጠገቡ ሆናችሁ ቤተሰብና የጤና ባለሙያ ጥሩ፤ ይህን በንስሐ አባት ብቻ ለመፍታት አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ «ሠላሳ ብር ስንት ነው?»

መልስ፦ እዚህ «ብር» ማዕድኑ ነው፤ የዛሬውን ገንዘብ እያሰባችሁ አታንብቡት። ማቴዎስ የሳንቲሙን ስም አይጠቅስም። እንደሚታሰበው ሰቅል ከሆነ አንዱ 4 ዲናር ያህላል፤ ሠላሳው 120 ዲናር ይሆናል። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለነበር (ማቴዎስ 20፥2) የአራት ወር ሥራ ማለት ነው። በቢታንያ የፈሰሰው ሽቱ 300 ዲናር ያወጣል ብሎ ያጉረመረመው ራሱ ይሁዳ ነው፤ ጌታውን የሰጠው ከዚያ ከግማሹ ባነሰ ዋጋ ነው። ሠላሳ ሰቅል በዘጸአት 21፥32 በሬ ወግቶ ለገደለው ባሪያ የሚከፈል ካሣ ነው፤ በዘካርያስ 11 ደግሞ ለተናቀው እረኛ የተመዘነለት ደመወዝ። ካህናቱም የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባ ሣጥን አላስገቡትም፤ የእንግዶች መቃብር እንዲሆን የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት።