«ወደ ቤትህ ሂድ» የተባለው ሰው

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ስሆን የምተዳደረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ተገልብጦ ከጎኔ የነበሩ ሰዎች ሲሞቱ እኔ ያለ ጉዳት ወጣሁ። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ «የቀረውን ዕድሜዬን በቤትህ አገለግልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ወዲህ በሰንበት ትምህርት ቤት በመዝሙር፣ በሰበካ ጉባኤና በሁለት የጽዋ ማኅበራት አገለግላለሁ። በሳምንት አምስት ምሽት ቤቴ አላመሽም። ባለቤቴ «ልጆቹ አባት አጡ» እያለች ታለቅሳለች። በሥራ ቦታዬም በማርፈድና በመቅረት ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። ባለፈው ወር ደግሞ ለሕንፃ ማሠሪያ ቃል የገባሁትን ለመስጠት ስል የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳልከፍል ቀረሁ፤ በዚህ ምክንያት ቤታችን ታወከ። ይህን ሁሉ የማደርገው የተደረገልኝን ውለታ ላለመርሳት ነው። ፈተና ነው ብዬ ልጽና ወይስ አገልግሎቴን ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። ከሞት አፍ ወጥቶ በሳምንቱ የሚረሳ ብዙ ነው፤ እርስዎ ግን ከአራት ዓመት በኋላም ያን የመንገድ ዳር አልረሱትም። ከነጹት ዐሥር ለምጻሞች ዘጠኙ በዚያው ሲቀሩ አንዱ ብቻ በታላቅ ድምፅ እያመሰገነ ተመልሷል (ሉቃ. 17፥11-19)። የእርስዎም ልብ የዚያ የአንዱ ልብ ነው። ስለዚህ የምጽፍልዎ ፍቅርዎን ለማቀዝቀዝ አይምሰልዎ። ነገር ግን «ልጽና ወይስ ልተው» ካሉኝ ከሁለቱ አንዱንም ልመርጥልዎ አልችልም። የባለቤትዎንም ዕንባ ፈተና ብዬ ልጠራው አልደፍርም።

ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 5 በጌርጌሴኖን አገር ስለነበረው፣ ሌጌዎን የተባለ የአጋንንት ጭፍራ ስላደረበት ሰው ጽፎልናል። ቅዱስ ሉቃስም ያው ሰው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ልብስ ሳይለብስ «በመቃብር እንጂ በቤት አይኖርም ነበር» ይላል (ሉቃ. 8፥27)። ጌታ ፈወሰው። ሰውየው ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት በእግሩ ሥር ተቀመጠ። ጌታ ወደ ታንኳው ሲገባ ግን ከእርሱ ጋር ይኖር ዘንድ ለመነው። እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ ምን ልመና አለ? የአገሩ ሰዎች ጌታን «ከአገራችን ሂድልን» ሲሉት እርሱ «አብሬህ ልሂድ» አለ። ጌታ ግን አልፈቀደለትም፦ «ወደ ቤትህ በቤተ ሰዎችህ ዘንድ ሄደህ ጌታ እንዴት ያለ ታላቅ ነገር እንዳደረገልህ እንዴትም እንደ ማረህ አውራላቸው» አለው (ማር. 5፥19)።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ የሚቆመው «በቤተ ሰዎችህ ዘንድ» የሚለው ላይ ነው። ስንት ዓመት ሰንሰለቱን ሲበጥስ፣ ሌሊት በተራራ ላይ ሲጮኽ፣ ሰውነቱን በድንጋይ ሲቧጭር የኖረ ሰው ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያለ እርሱ የቀሩ ሰዎች ነበሩት። ጌታ ሰውየውን ከመቃብር አውጥቶ ለእነዚያ ሰዎች መለሰላቸው። ቤቱ መግባቱ የፈውሱ ፍጻሜ ነበር። ምስጋናውም አልቀረበትም፤ ወንጌላዊው እንደሚለው ዐሥር ከተማ በሚባለው አገር ሁሉ ሰበከ፤ መነሻው ግን ቤቱ ነበረ። ሐዋርያትን «ሁሉን ትታችሁ ተከተሉኝ» ያለው ጌታ ይህንን ሰው «ሂድ» አለው። ሁለቱም ጥሪ የእርሱ ነው፤ ማንን ወዴት እንደሚልክ የሚያውቀው ራሱ ነው። እርስዎ ደግሞ ከአውቶቡሱ ሲወጡ ባለትዳርና አባት ነበሩ። እግዚአብሔር ያንን ዘንግቶ አላዳንዎትም።

ስለ መሥሪያ ቤትዎ ጉዳይ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ዕለቱ ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም በዓል ነው። ከፊቴ የተሰለፉ አንዲት እናት ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ከገጠር የመጡት ከዋዜማው ጀምሮ ነው፤ ያደሩት በዘመድ ቤት ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ጥበቃው «ዛሬ ማርያም ናት፤ ለንግሥ ሄዷል፤ ከሰዓት ይመጣል» አለን። ከሰዓትም አልመጣም። እኒያ እናት ቋጠሯቸውን እንደገና እያጠበቁ፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ «እኔም እኮ በማርያም ብዬ ነው ከቤቴ የወጣሁት» አሉ። ያ ወንድም በዚያ ሰዓት ከታቦቱ ፊት እየዘመረ ይሆናል። ፈቃድ ጠይቆ፣ ቦታውን ለሌላ አስረክቦ ሄዶ ቢሆን ኖሮ መልካም አድርጓል እለው ነበር። እርሱ ግን በስሟ የተማጸነችውን አሮጊት ደጅ ላይ ጥሎ ወደ በዓሏ ሄደ።

ቀራጮችና ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ሥራችሁን ጥላችሁ በምድረ በዳ ከእኔ ጋር ጹሙ አላላቸውም። ቀራጮቹን «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ»፣ ወታደሮቹን ማንንም አታስጨንቁ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃ. 3፥12-14)። የንስሐ ፍሬ ከሚበስልበት ቦታ አንዱ የሥራ ገበታ ነው። እርስዎ ጠረጴዛ ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ ከየትም የመጣ እንግዳ አይደለም። ጌታ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ሲል (ማቴ. 25፥40) ያ ሰውም በዚያ ውስጥ አለ።

የትምህርት ቤት ክፍያውን በሚመለከት ብዙ አልጽፍም፤ ጌታ ራሱ መልሶታልና። ፈሪሳውያን ለአባትና ለእናት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ እያሉ ወላጅን ያስጥሉ ነበር፤ ጌታም በዚህ የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ ብሎ ገሠጻቸው (ማር. 7፥9-13)። ለወላጅ የተባለው ለልጅም ያው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ «ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» ይላል (1ጢሞ. 5፥8)። ቃሉ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የእኔ ቢሆን አለዝበው ነበር። አስራትዎን ያውጡ፤ የሕንፃውን ቃል ኪዳን ግን ለሰበካ ጉባኤው አስረድተው በአቅምዎ ልክ በየጊዜው ይስጡ። ክፍያውን ዛሬውኑ ይክፈሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ «ውለታ» ያሉት ቃል ነው። ወንድሜ፣ ያለ ዕረፍት የሚሮጡት ዕዳ እንዳለበት ሰው ሆነው ይሆን? በቅዳሴያችን መግቢያ ካህኑ የሚያደርሰው፣ በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራው የምስጋና ጸሎት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል፤ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመሰግነዋለን ማለት ነው። ምክንያቱንም ይዘረዝራል፦ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናልና፣ እስከዚህች ሰዓትም አድርሶናልና። ልብ ብለው ይስሙት፤ ሁሉም እርሱ ያደረገው ነው። እኛ ያደረግነው አንድም አልተቆጠረም። መዝሙረኛውም «ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምንን እመልሳለሁ?» ብሎ ጠይቆ ሲመልስ ይህን ሠራሁ፣ ያንን ሰጠሁ አይልም፤ «የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ» ይላል (መዝ. 115)። ለተቀበለው ምላሹ ደግሞ መቀበል ሆነ። ምስጋና መክፈል ቢሆን ኖሮ ማን ይችለው ነበር?

እስኪ በግልጽ ልጠይቅዎ፤ በእነዚህ አራት ዓመታት ስንት ጊዜ ሥጋውንና ደሙን ተቀበሉ? ይህን የምጠይቀው ልነቅፍዎ አይደለም። ዓመት ሙሉ ዘምረው፣ ስብሰባ መርተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው ወደ ጽዋው ሳይቀርቡ የሚከርሙ ብዙ ወንድሞች ስለማውቅና ስለማዝንላቸው ነው። በሁለት የጽዋ ማኅበር ገብቶ ከዋናው ጽዋ መራቅ እንዴት ያሳዝናል! በተክሊልም ሆነ በቁርባን የተጋቡ ከሆነ ደግሞ ከባለቤትዎ ጋር ተዘጋጅታችሁ አብራችሁ ትቆርባላችሁ፤ ያኔ እርስዋ የአገልግሎትዎ ተቃዋሚ ሳትሆን ተካፋይ ትሆናለች።

የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ407 በስደት መንገድ ላይ ሲያርፍ መንበሩ ተወስዶበት፣ ከሕዝቡ ርቆ፣ ታሞ ነበር። የሚሰብክበት ዓውደ ምሕረት አልነበረውም። እርሱም «ስለ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ አረፈ። አገልግሎቱን ሁሉ ሲነጠቅ ምስጋናው አልተነጠቀበትም። ይኸው አባት ነው ምእመናኑን ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉ እያለ ያስተምር የነበረው።

እሑድ እሑድ በቅጽራችን ዛፍ ሥር የማያቸው እናቶች አሉ። ቅዳሴው ሲገባ ጀምሮ የሚያለቅስ ሕፃን እያባበሉ፣ አንዱን በጀርባ አዝለው ሌላውን በእጅ ይዘው፣ ወንጌሉን ከሩቅ በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ። የአንዳንዶቹ ባል ውስጥ ነጭ ለብሶ ያገለግላል። ባለቤትዎ ከእነዚህ አንዷ ከሆነች፣ በሚመጣው እሑድ ትንሹን ልጅ ከእቅፏ ተቀብለው እርስዎ ዛፉ ሥር ይቁሙ፤ እርስዋ ገብታ ታስቀድስ። ይህ ከመዝሙርዎ ያነሰ አገልግሎት አይደለም።

ስለቱን በተመለከተ፣ ተስለው መተው አይገባም፤ መክብብ «ትፈጽመው ዘንድ አትዘግይ» ይላልና። ነገር ግን «በቤትህ» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ «በየምሽቱ» አላሉም። ይህንን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ ባለቤትዎም አብራ ትሂድ። ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ተለይተው ሲቆዩ በስምምነት ይሁን ብሏል (1ቆሮ. 7፥5)። የእኔ ምክር ከአራቱ አገልግሎት አንዱን ይያዙ የሚል ነው፤ የትኛው እንደሚሆን ግን ሦስታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ። የለቀቁትን ቦታ አደራ ተቀባይ ሳያዘጋጁ እንዳይለቁ፤ በተለይ የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ በእጅዎ ካለ በሚገባ አስረክበው ይውጡ። ለአለቃዎም ሄደው ስላለፈው ይቅርታ ይጠይቁ፤ ከነገ ጀምሮ በሰዓቱ ይግቡ።

ምሽት ላይ ቤት ሲያመሹ ልጆችዎ መጀመሪያ ይገረሙ ይሆናል። ያን የአውቶቡስ ታሪክ በሙሉ ነግረዋቸው ያውቃሉ? ካልነገሯቸው፣ መብራት ሳይጠፋ ከራት በኋላ ቁጭ ብለው ይንገሯቸው፤ ከዚያም አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁ ድገሙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።