የጎል ዋንጫው የተጫዋቹን የዓመት ብቃት ይለካል ወይ?

ሰላም የማርቆሱ ወንድሜ። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ብዙ ጎል ላገባ የሚሰጠው የሞሪስ ሪቻርድ ዋንጫ የተጫዋቹን የዓመት ብቃት በትክክል ይለካል ወይ ብለሃል። እኔ በፍጹም አይለካም ባይ ነኝ። የሚቆጥረው ጎል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. የ2005-06ን ውድድር ተመልከት። ጆናታን ቺቹ ለሳን ሆዜ 56 ጎል አግብቶ ዋንጫውን ወሰደ። ጎበዝ ነው፣ አልክድም! ግን ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ጆ ቶርንተን ከቦስተን መጣለት። ቶርንተን ከጎሉ ጀርባ ሆኖ ተከላካዮቹን ይስባል፣ ከዚያ ፓኳን (በዱላ የሚገፏትን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) አሾልኮ ያቀብላል። በሁለቱ ክለቦች በድምሩ 96 ጊዜ ለጎል አመቻችቷል። የዓመቱ ኮከብ የሚወስደው የሃርት ዋንጫም ለእሱ ሆነ።

እኛ ጎጃም ገና ስንጫወትስ? ሩሯን ከዚያ ሁሉ ዱላ መሀል መንጥቆ የሚያወጣትን ልጅ ሁሉም ለቡድኑ ይሻማበታል።

እ.ኤ.አ. በ2023-24 ኦስተን ማቲውስ 69 ጎል አግብቶ የጎል ዋንጫውን ሲወስድ ሃርትን የወሰደው ኔታን ማኪነን ነው። ማቲውስ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲከላከልም ጎበዝ ነው፤ የጎል ዋንጫው ይህን ልፋቱን አይነግርህም። ስለዚህ ከጎሉ ጎን ያመቻቸውን፣ በበረዶው ላይ የቆየበትን ደቂቃና ቡድኑ በቅጣት በሰው ሲጎድል ማን እንደሚገባ እይ።