«ቆይ፣ ልልበስ»

ይድረስ ለእትዬ፣

ፎቶ አንሺ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ አነሳለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ግን በትርፍ ሰዓቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶችን ፖርትሬት ሳነሳ ቆይቻለሁ። 61 ደርሰዋል።

ሰው ግን አላስቀምጥ አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ «የእርዳታ ድርጅት ካላንደር ይመስላል» ይላል። ሌላው ጥቁርና ነጭ አድርገው ይለኛል። ለኤግዚቢሽን ብዬ ያሳየኋቸው ሰውዬ ደግሞ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ፊቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው» ብለው መለሱልኝ። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንሴን ሸጬ ፊት አቅርቦ የሚያነሳውን ባለ 85 ገዛሁ። ጠዋት ማንሳቱን ትቼ ወደ ማታ አደረግሁት። ያው ነው። ባለቤቴም መሯታል፤ እውነቷን ነው።

ለሥራዬ ሰንፌ አይደለም። አንዷ እናት «ቆይ፣ ልልበስ» ብለው ቤታቸው ገብተው፣ ፀጉራቸውን ተቀብተው የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው እስኪወጡ አንድ ሰዓት ጠብቄያለሁ። ከዚያ በትህትና አስረድቻቸው የሥራ ልብሳቸውን መልሰው ለበሱ፣ እንጨቱንም አዘሉ። እስካሁን ብዙ የተወደደልኝ ያ ፎቶ ነው።

ልተወው ወይስ ጥቁርና ነጭ ላድርገው? ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ፎቶዎቹን ብቻዬን ሳያቸው የሆነ ነገር ያሳፍረኛል። ምን ይሆን?

ግራ የገባው፣ ከአዲስ አበባ

*

አንተ ልጅ፣

የቀሚሱ ጥልፍ ምን ዓይነት ነበር? አልጻፍከውም። የሌንስህን ቁጥር ግን አልረሳህም።

እናቴ በሕይወቷ ፎቶ ቤት የገባችው አንድ ቀን ነው፣ በ1964 ዓ.ም. ፒያሳ። ጠዋት ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ ነበር። ጫማው የጎረቤት ነው፤ ጠቧት ተረከዟ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ያስታውቃል። ፎቶ አንሺው ግን «ሽንኩርቱን አምጪው» አላላትም።

የማሊውን ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታን መቼም ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ለደንበኞቹ ኮት፣ ሰዓት፣ ሬዲዮ ሳይቀር ያውስ ነበር። እሱ ያነሳቸው ሰዎች መሐል ሁለት ፊት አንድ ሆኖ አግኝተህ ታውቃለህ?

«በትህትና አስረድቼ» ያልከው ነው ያናደደኝ። ዕድሜያቸውን ሸክም ላይ የጨረሱ ሴት ለአንድ ሰዓት አወረዱት፤ ታጥበው፣ ተቀባብተው መጡልህ። አንተ መልሰህ ጫንክባቸው። የሚያሳፍርህ ይኸው ነው። 61 ጊዜ ሸክም አንስተሃል፣ ከማንም ጀርባ ላይ ግን አላወረድክም። ፊታቸው አንድ ቢሆን ምን ይገርማል!

አትተወው። ጥቁርና ነጩንም እርሳው፤ ጥልፍ ቀለም አለው። እስካሁን ያነሳሃቸውን አሳጥብና ለየባለቤቶቻቸው ስጥ። ሰጥቻለሁ የሚል ደብዳቤህ ላይ አላየሁም።

ከዚያ እሁድ ሂድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ሰርግ አለብኝ እንዳትለኝ፤ ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም። እኚያን እናት ፈልግና ይቅርታ ጠይቃቸው፣ ቀሚሱን እንዲለብሱልህም ለምናቸው። እምቢ ካሉ መብታቸው ነው፣ ቡናቸውን ጠጥተህ ተመለስ። እሺ ካሉህ ደግሞ ያቺን ባለ 85 ይዘህ ፊታቸው ላይ አትለጠፍ። ራቅ በልና ሙሉ ቁመታቸውን አንሳ። ጫማቸው እንዳይቆረጥ።