ለካረን ልጆች ምን ልላክ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ታይላንድ ድንበር ላይ ላሉ የካረን ወላጅ አልባ ልጆች ብር ልላክ ወይስ ሄጄ ላገልግል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ካረኖች የበርማ (ማያንማር) ሕዝብ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጦርነት ሸሽተው ታይላንድ ገብተዋል። ካየሁት ልንገርሽ።

የምኖረው ሴይንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ከተማችን ካረን በካረን ናት። የሌሊት ፈረቃ አብራኝ የምትሠራ ካረን ጓደኛ አለችኝ። ሜ ላ ካምፕ ነው ያደገችው፤ ድንበሩ ላይ ካሉት 9 የስደተኞች ካምፖች ትልቁ። «አዳሪ ነበርኩ» ስትለኝ የሀብታም ልጅ መስላኝ ነበር። በሳቅ ፈረሰች። ለካ አዳሪ ቤት የምትለው ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ቅጠል የሆነ ቤት ነው። ልጆቹ ወለል ላይ ተደርድረው ይተኛሉ።

ደግሞ እናቷ አልሞተችም! አባቷን ፈንጂ ገደለው። መንደራቸው ሲቃጠል እናትየው ትማርልኝ ብላ ከዘመድ ጋር ድንበር አሻገረቻት። በርማ ውስጥ የካረኖች ጦርነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ እንዲህ የተላከው ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ «ወላጅ አልባ» ሲሉሽ ቶሎ አትቀበዪ። እኛም አገር የውጭ ማደጎ እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪታገድ ድረስ እናታቸው እያለች የሄዱ ልጆች ነበሩ።

ለሁለት ሳምንት ሄዶ ማገልገሉን ተይው። ካምፕ መግባት ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ጓደኛዬ እንደምትለው ፈረንጆች ይመጡና ያንኑ መዝሙር እንደ አዲስ ያስተምሯቸዋል። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ቻው። ትንንሾቹ ለቀናት ያለቅሳሉ።

የሚያስፈልገው ሩዝ ነው። በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ የአብዛኛው ስደተኛ ቀለብ ቆመ። በወሩ ታይላንድ ከካምፕ ወጥተው እንዲሠሩ ፈቀደች። ለአዋቂው ጥሩ ነው፤ የአስር ዓመት ልጅ ግን የት ሄዶ ይሥራ?

የጓደኛዬ ቤተ ክርስቲያን በየወሩ አዋጥቶ ላደገችበት ቤት አሳዳጊ ይልካል። ሩዝ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ደብተር ይገዛበታል። እኔም ጥቂት እጨምራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ካጣሽ፣ ታይላንድ ድንበር ላይ ሜ ሶት ከተማ ያለው፣ ስደተኞችን የሚያክመው የሜ ታኦ ክሊኒክ አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመችው ዶክተር ሲንቲያ ማውንግ ራሷ ካረን ናት።

ለሌላ ቤት ልትሰጪ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፦ ልጆቹ እናት ወይ አያት ካላቸው ያገናኟቸዋል? መልሱን ካድበሰበሱት ብርሽን ያዢ። የጓደኛዬ እናት ልጇን ለማየት በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ በእግሯ ትመጣ ነበር።