በብርድ ማዕበል ውስጥ ቆሞ ለሚያጠምድ ምን ዓይነት ዌትሱት ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በብርድ ወቅት ከባህር ዳር ስለማጥመድና ስለ አለባበሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ካሰብኩት በላይ መጣ፣ ደስ ብሎኛል። ለብዙ ዓመታት ዘንጌን ይዤ እስከ ወገቤ፣ አንዳንዴም እስከ ደረቴ ማዕበል ውስጥ ቆሜ አጥምጃለሁ። የምመልሰው ከዚያ የተማርኩትን ነው። ለማያውቀው፣ ዌትሱት ማለት ኒዮፕሪን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ጎማ የሚሠራ፣ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል የውሃ ልብስ ነው።

ጥያቄ፦ እስከ ደረት የሚደርስ ዌደር (ውሃ የማያስገባ ባለ ጫማ ሱሪ) አለኝ። ደርቄ እቆማለሁ። ምን አስጨንቆኝ ዌትሱት ውስጥ እገባለሁ?

ባህሩ ጸጥ ያለ፣ ከሥር ያለው ሜዳ አሸዋ፣ ውሃውም ከጉልበትህ የማያልፍ ከሆነ ዌደርህን አትጣለው። ከውስጥ ሙቅ ልብስ ደርበህ ደረቅ መሆን ከዌትሱት የበለጠ ይመቻል። ነገሩ የሚለወጠው ማዕበሉ ደረትህን መምታት ሲጀምር ነው። አንዱ ከላይ ከገባ ዌደሩ ይሞላል።

ብዙ ሰው ውሃ የሞላው ዌደር ወደ ታች ይጎትታል ይላል። አይጎትትም፤ ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ ክብደት የለውም። ችግሩ መዋኘት አለመቻልህ ነው። እግርህ አይታዘዝልህም። ወደ ዳር ልትወጣ ስትሞክር ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ ከነክብደቱ እግርህ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀጣዩ ማዕበል ደግሞ ከኋላህ እየመጣ ነው። ስለዚህ ዌደር የለበሰ ሰው ወገቡ ላይ ቀበቶ አጥብቆ ይሰር።

ዌትሱት የለበሰ ሰው ግን ቢመታም ቢወድቅም ልብሱ ያንሳፍፈዋል፣ መዋኘትም ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሞንቶክ ላይ ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ከዳር ርቀው ወዳሉ ቋጥኞች ለመድረስ ዌትሱት የሚለብሱት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሚያሞቀው ውስጥ የሚገባው ውሃ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

ይህ አባባል ብዙ ሰው ሰፊ ልብስ እንዲገዛ አድርጎታል፤ ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። የሚያሞቅህ ጎማው ውስጥ የታመቁት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ሙቀት ይወስዳል። ውስጥ የገባው ቀጭን ውሃ በሰውነትህ ሙቀት ይሞቅና ባለበት ከቆየ አይጎዳህም፣ እሱ ግን አያሞቅህም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር ዌትሱትን ሲያስብ መነሻው ይኸው ነበር፦ ሰው ለመሞቅ የግድ ደረቅ መሆን የለበትም፣ የሚከላከለው አረፋው ነው። የሞቀው ውሃ በየማዕበሉ እየወጣ በቀዝቃዛ ከተተካ ግን ሰውነትህ ባህሩን ለማሞቅ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ 4/3፣ 5/4 የሚሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ለእኔስ የትኛው ይሆናል?

ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው የደረትና የጀርባው፣ ሁለተኛው የእጅና የእግሩ። ለሰርፈሮች፣ ማለትም በሰሌዳ ማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች፣ የሚሰጠው ምክር በግምት እንዲህ ነው፦ ውሃው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ 4/3፣ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 5/4፣ ከዚያ በታች 6/5።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ይህ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ለሰርፈር ነው። ሰርፈር ይቀዝፋል፣ ይዘላል፣ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይሠራል። እኛ ግን ቆመን ነው የምንውለው። ክንዳችን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ግማሽ ሰውነታችን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ንፋስ ላይ። ስለዚህ ሰንጠረዡ 4/3 ካለህ 5/4 ውሰድ።

ሌላው፣ የምታየው የአየሩን ሳይሆን የውሃውን ሙቀት ነው። ባህር ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ብርዱ አልፎ ፀሐይዋ መሞቅ ስትጀምር ውሃው ገና የመጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚታለለው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወፍራሙን ልብስ ገዝቼ አሁንም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንቀጠቀጣለሁ። ልኩም ጥሩ ነው። ምን ላድርግ?

ልጄ፣ ንፋሱን ረስተኸዋል። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይኼኛው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

የአብዛኛው ዌትሱት ውጫዊ ገጽ ናይለን ጨርቅ ነው። ጨርቁ ውሃ ይይዛል። ማዕበል ደረትህን ይመታል፣ ጨርቁ ይርሳል፣ ንፋሱ ያንን ውሃ ያተነዋል። ውሃ ሲተን ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላብህ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝህ አስብ፤ አሁን ያው ነገር በብርድ፣ ያለማቋረጥ፣ ከትከሻህ እስከ ወገብህ እየተካሄደ ነው። የልብሱን ውፍረት ብትጨምር ይቀንስልሃል እንጂ አይተውህም።

መድኃኒቱ ከዌትሱቱ በላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ አጭር ጃኬት መደረብ ነው። አንገቱና የእጅ አንጓው ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ይሁን፤ ርዝመቱ ወገብ ላይ ያብቃ። በላዩ ሰፊ ቀበቶ አጥብቅበት። ቀበቶው ውሃ ከሥር እንዳይገባ ያደርጋል፣ ፒንሳህንም ያንጠለጥልልሃል። እኔ መጀመሪያ ጃኬት የደረብኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ባህሩ ያው፣ ልብሱ ያው፣ ንፋሱም ያው ነበር። ግን ትከሻዬ ላይ እንደ ቀዝቃዛ መዳፍ ተጭኖኝ የሚያድረው ነገር ጠፋ። ከጎማ በላይ ጎማ ከምትጨምር ይህን አድርግ።

ለደረትና ለጀርባው ጨርቅ የሌለው ለስላሳ ጎማ ያላቸው ልብሶችም አሉ። ውሃው ይንሸራተትላቸዋል፣ ስለዚህ ንፋሱ የሚያተነው ነገር አያገኝም። ግን በጥፍርና በመንጠቆ ቶሎ ይቀደዳሉ። ቋጥኝ ላይ ለሚቀመጥ ሰው መቀመጫውና ጉልበቱ ጨርቅ ያለው ይሁን።

ጥያቄ፦ ልኬን እንዴት አውቃለሁ? ስለካው የሚያንቀኝ ይመስለኛል።

ደረቅ ሆኖ ሲለካ ትንሽ ማነቁ ጥሩ ምልክት ነው፣ ውሃ ውስጥ ይላላል። ስትለካው ዝም ብለህ መስታወት ፊት አትቁም። ቁጢጥ በል። ሁለት እጅህን አንስተህ ዘንግ እንደምትወረውር አድርግ፣ ደጋግመህ። ከዚያ ሰው ጀርባህን ከወገብህ በላይ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ይይልህ። ጎማው እዚያ ላይ ከቆዳህ ተነስቶ ድልድይ ከሠራ ያ ልብስ ያንተ አይደለም። ብብትና ጭንም እንዲሁ ይታያሉ።

የመጀመሪያ ልብሴን አንድ ቁጥር አስበልጬ ነበር የገዛሁት፣ ለመልበስ ስለቀለለኝ። ማዕበል በመጣ ቁጥር አንድ ብርጭቆ የሚያህል ቀዝቃዛ ውሃ ከአንገቴ ገብቶ በአከርካሪዬ ወርዶ ወገቤ ላይ ይጠራቀማል። ጎንበስ ስል ይወጣል፣ ቀና ስል ሌላ ይገባል። 5 ሚሊ ሜትር ለብሼ 2 ሚሊ ሜትር የለበስኩ ያህል ነበር።

ጥያቄ፦ የጠላቂ ልብስ አለኝ፣ 7 ሚሊ ሜትር። ይሆናል?

ይሞቃል፣ ጠንካራ ነው፣ ቋጥኝም ይችላል። ትከሻ ላይ ግን ግትር ነው። 50 ጊዜ ከወረወርክ በኋላ ክንድህ ይደክማል። ካለህ ልበሰው፤ አዲስ የምትገዛ ከሆነ ግን ትከሻው የሚለጠጥ የሰርፍ ልብስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስፌትና ዚፕ ልዩነት አላቸው?

በጣም። ክሩ በውስጥም በውጭም ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታየው ስፌት በመርፌ ቀዳዳዎቹ ውሃ ያስገባል፤ ለሞቃት ውሃ ነው። ለብርድ ጎማው መጀመሪያ በማጣበቂያ የተያያዘ፣ መርፌውም ጎማውን ዘልቆ ያልወጣበት ይሁን። ከውስጥ ስፌቱ ላይ ቴፕ ካለው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ዚፑ ደረት ላይ የሆነ ልብስ ከጀርባ ዚፕ ያነሰ ውሃ ያስገባል፣ ማውለቁ ግን ትግል ነው። ትከሻህ የሚያምህ ከሆነ የጀርባውን ውሰድ።

ጥያቄ፦ እጄ ይደነዝዛል። ጓንት ካደረግኩ ደግሞ ክሩ አይሰማኝም።

እኔም እስካሁን ሙሉ መፍትሔ አላገኘሁለትም፤ የማደርገውን ልንገርህ። 3 ሚሊ ሜትር ጓንት፣ ክር የሚይዘው አመልካች ጣት ጫፉ የተሰነጠቀ። ስወረውር ጣቴን አወጣለሁ፣ ከወረወርኩ በኋላ እመልሳለሁ። የተጎነጎነ ቀጭን ክር የረጠበና የደነዘዘ ጣትን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ስትቆረጥ አይሰማህም፤ ደሙን ሪሉ (የክር መጠቅለያው) ላይ ስታይ ነው የምታውቀው። ስለዚህ እዚያች ጣት ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ መሄድ ልማድ ይሁን። ቋጠሮ የሚባል ነገር ሁሉ ቤት ይለቅ። ባህር ውስጥ ማጥመጃውን ከክሩ ጋር የሚያያይዘውን ቁልፍ ብቻ ነው የምትነካው። የጓንቱ አንገት ደግሞ ከዌትሱቱ እጅጌ ሥር ይግባ።

ጥያቄ፦ ለእግር ምን ይሻላል?

አሸዋ ላይ ከሆንሽ እህቴ፣ 5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር የኒዮፕሪን ቡት ይበቃል። ጣቶችሽን ማንቀሳቀስ መቻል አለብሽ፤ የተጨመቀ እግር ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው ደግሞ ምንም ብታለብሺው አይሞቅም። አልጌ የለበሰ ቋጥኝ ላይ ከሆነ ግን ተራ የጎማ ሶል አትመኚ። ሶሉ የብረት ጥርስ ያለው፣ ወይም ከቡቱ በታች የሚታሰር ባለ ጥርስ ጫማ ያስፈልግሻል። ፌልት (የተዳመጠ ወፍራም ጨርቅ) ሶል አንዳንድ ቦታ ተከልክሏል፣ የውሃ ተባይና አረም ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስለሚያሻግር። የሱሪሽ እግር ከቡቱ ውጭ ይውረድ እንጂ ውስጥ አይግባ፤ ከገባ ቡቱ እንደ ባልዲ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የራስ መሸፈኛ የግድ ነው? የሰውነት ሙቀት ግማሹ በራስ ነው የሚወጣ ሲባል ሰምቻለሁ።

ግማሹ የሚለው ስህተት ነው። ራስ ከሰውነታችን ገጽ 10 በመቶ ገደማ ነው። መሸፈኛው ግን ይግዙ ጌታዬ፣ በተለይ ለጆሮዎ ሲሉ። ለዓመታት ቀዝቃዛ ውሃና ንፋስ የሚገባበት ጆሮ ውስጥ አጥንት ቀስ በቀስ ያድግና ቱቦውን ያጠብበዋል። «የሰርፈር ጆሮ» የሚሉት ይህን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት አንዱ ጆሮ ውስጥ ሲገባም ራስ ያዞራል፤ ማዕበል ውስጥ መዞር ደግሞ አይፈለግም።

ጥያቄ፦ ብወድቅስ? በጣም የምፈራው እሱን ነው።

መፍራትህ ትክክል ነው። ካናዳዊው የብርድ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት የሚያስተምሩት ቀላል ቀመር አለ፦ 1-10-1። በረዶ በሚያህል ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሽን ለመቆጣጠር ናት። ሰውነት በድንጋጤ አየር ይስባል፤ አፍህ ውሃ ውስጥ ከሆነ የምትስበው ውሃ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግርህ ይታዘዙልሃል። ከዚያ ሰውነት ቀዝቅዞ ራስህን እስክትስት 1 ሰዓት ያህል አለ። ዌትሱት ድንጋጤውን ያቀልልሃል፣ ጊዜውንም ያረዝምልሃል።

በላዩ ላይፍ ጃኬት ይኑርህ። ውሃ ሲነካው ራሱ የሚነፋው ዓይነት ለእኛ አይሆንም፣ በመጀመሪያው ማዕበል ይነፋል። በእጅ የሚጎተተውን ወይም የስፖንጁን ውሰድ። ብቻህን ደግሞ አትግባ። ዘንጉን ለመልቀቅም አስቀድመህ ወስን፤ በወደቅክ ሰዓት ዘንግ የያዘ እጅ አይዋኝም።

ጥያቄ፦ ድራይሱት (ውሃ ፈጽሞ የማያስገባው ሙሉ ልብስ) አይሻልም?

ውሃው ከ8 ዲግሪ በታች ወርዶ፣ አየሩም በረዶ ሆኖ ረጅም ሰዓት ለሚቆም ሰው ይሻላል። ከውስጥ የፈለግከውን ያህል ሙቅ ልብስ ትደርባለህ። ግን ጥጥ አታድርግ። ድክመቱ መንጠቆ ሊበሳው መቻሉ ነው። ዌትሱት ቢበሳ የሚገባው ትንሽ ነው፣ ድራይሱት ቢበሳ ግን ሙቀት የሚሰጥህ የውስጥ ልብስ በሙሉ ይርሳል።

ጥያቄ፦ አቅሜ ለሁሉም አይበቃም። ከምን ልጀምር?

ልክህ ከሆነ ዌትሱት፣ ቀጥሎ ጫማ፣ ቀጥሎ ጃኬት። ያገለገለ ልብስ መግዛት ነውር የለውም። ጉልበቱንና ብብቱን ለጠጥ አድርገህ እይ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ሲጨመቅ ተመልሶ ካልተነሳ ተወው፣ አረፋው ሞቷል።

ጥያቄ፦ ከወጣሁ በኋላ ነው ይበልጥ የሚበርደኝ። ለምን?

ከወጣህ በኋላም ሰውነትህ ለተወሰነ ጊዜ መቀዝቀዙን ይቀጥላል። ንፋስ ላይ ቆመህ ስለያዝከው ዓሣ አታውራ። መጀመሪያ ራስህን አድርቀህ ደረቅ ኮፍያ አድርግ፣ ከዚያ የላይኛውን ገፈህ ወዲያው ሹራብ ልበስ፣ የታችኛው ይቆይ። እግርህ ሥር ምንጣፍ ይኑር። ልብሱን በንጹህ ውሃ አጥበህ፣ ገልብጠህ፣ ጥላ ውስጥ ከወገቡ አጥፈህ አንጠልጥለው። ከትከሻው ከተሰቀለ የውሃው ክብደት ይለጥጠዋል።