አሮጌ ተጎታች ቤት በግቢያችሁ ለምታድሱ ወገኖች

በሰሜን ቨርጂኒያ በኖርኩባቸው 25 ዓመታት በርካታ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ለመውጣት ተመኝተው አሮጌ ተጎታች ቤት በርካሽ ሲገዙ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ ሲበሰብስ ትተውት አይቻለሁ። እኔም በፈረንጆች 1974 የተሠራ አንድ ተጎታች በእጄ ስላደስኩ የምናገረው ከልምድ ነው።

1. ሊብሬው በሻጩ ስም ካልሆነና በሻንሲው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ካልተመሳሰለ አትግዙ።

2. ወገኖቻችን የሚታለሉት በቀለም ነው። የዚያን ዘመን ተጎታች ቤቶች አብዛኞቹ ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔርሳቶ የለበሰ የእንጨት ማገር ናቸው፤ በጣሪያው መጋጠሚያ፣ በመስኮቶቹ ዙሪያና በማዕዘኖቹ ያለው ማሸጊያ በዕድሜ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባና፣ ላሜራው ከውጭ እያብረቀረቀ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ማገሩ አሉሚኒየም የሆነው ኤርስትሪም የተባለው ተጎታች እንኳ ወለሉ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማዕዘኖቹንና ከመስኮት በታች ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ፤ ወደ ውስጥ ከገባላችሁ ውሃ በልቶታል። ገዝታችሁት ከሆነም ግድግዳውን ገልጣችሁ የበሰበሰውን እንጨት ቀይሩ፣ መስኮቶቹን ነቅላችሁ በአዲስ የቡቲል ማሸጊያ መልሳችሁ ግጠሙ። በተሰነጠቀው ላይ ሲልኮን እየለቀለቁ ቀለም መቀባት እድሳት አይደለም፤ ገንዘብ መቅበር ነው።

3. ጎማው ጥርስ ስላለው አትመኑት። በጎኑ «DOT» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከታተመው የዲኦቲ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3218 ካለ በፈረንጆች 2018 ዓመት 32ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ቀይሩ። የጋዝ መስመሩን ባለሙያ ይፈትሽላችሁ፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል።

4. ልጆቻችሁን ከሥራው አታባርሯቸው። እኔ አባርሬአለሁ። ልጄ በሰባት ዓመቱ መዶሻ ይዞ በመጣ ቁጥር፣ ሥራው እንዲፈጥንልኝ ብዬ፣ «ግባ፣ እጅህን ትቆርጣለህ» እያልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ እመልሰው ነበር፤ የሁለት ሰመር ቅዳሜና እሁዶችን ብቻዬን ሠርቼ ጨረስኩ። ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ መጋዝ፣ ኩሽኔታ፣ «ያዝልኝ»፣ «ቀስ በል»፣ «ጎበዝ» የሚሉትን ቃላት እጁ እየሠራ ከአባቱ አፍ ሊሰማቸው የሚችለው በዚያ ግቢ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ሠራሁ። በኋላ አማርኛ ትምህርት ቤት እያመላለስኩ ፊደል አስቆጠርኩት፤ ፊደሉን ለየ፣ የሚናገርበት ነገር ግን አልነበረውም።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ! ሕፃኑ ብሎኖቹን በመጠናቸው ይለይ፤ የአሥር ዓመቷ ሜትሩን ይዛ ልኩን በአማርኛ ትጥራ፤ ጎረምሳው የተነቀለውን መስኮት ተሸክሞ ያውርድ። በፈረንጆች ከ1978 በፊት በተቀባ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ቀለም በሚፋቅበት ቀን ብቻ ይራቁ፤ በሌላው ቀን ሁሉ ከጎናችሁ ይቁሙ። በእንግሊዝኛ ሲመልሱላችሁ እናንተም ወደ እንግሊዝኛ አትሻገሩ፤ የጠየቃችሁትን ዕቃ በአማርኛ ስሙ ለይተው እስኪያቀብሏችሁ ሥራው ይጠብቅ። በሁለት ሰመር የሚያልቀው አራት ይፈጅባችኋል። ይፍጅ!

ባለፈው ሐምሌ ልጄ የተጎታቹን ኩሽኔታዎች ግሪስ ስቀባ ሊያግዘኝ መጣ፤ አሁን 24 ዓመቱ ነው። ከጎማው ሥር እንደተንበረከኩ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ «ፒንሳውን አቀብለኝ» አልኩት። ሊረዳኝ እየፈለገ፣ በመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እያየ ቆየ። ተነሥቼ ራሴ አነሣሁት።