ዘንቢሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊም ነኝ። ማታ ማታ ዓለም አቀፍ ግንኙነት እማራለሁ። የክፍል ጓደኞቼ «የማኅበር ሰው ጠብ እንጂ ዲፕሎማሲ መቼ ያውቃል» ይሉኛል። ከሠራተኛ ማኅበር ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ ልጄ። ያውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነ። ኧርነስት ቤቪን ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።) አባቱን አያውቅም። እናቱ ስትሞት 8 ዓመቱ ነበር። በ11 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ እርሻ ላይ ተቀጠረ። በኋላ ብሪስቶል ከተማ ጋሪ ነጂ ሆነ፤ ከዚያም የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ገባ።

እኔ ከሁሉ የምወድለት በ1920 ያደረገውን ነው። የወደብ ሠራተኞች የደመወዝ ጥያቄ አጣሪ ችሎት ፊት ቀረበ። የአሠሪዎቹ ባለሙያ ፕሮፌሰር፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖር ይህን ያህል ይበቃዋል ብለው አሰሉ። ቤቪን ገበያ ወጣ። በዚያው ሒሳብ ምግብ ገዛ፤ አበሰለ፤ ሳህን ላይ አድርጎ ችሎቱ ፊት ደረደረው። ቁራሽ ሥጋ፣ ቁራሽ ዓሣ፣ ትንሽ ዳቦ። ቀኑን ሙሉ ከባድ ሸክም የሚሸከም ሰው ይህ ይበቃዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ችሎቱ በቀን 16 ሽልንግ ወሰነላቸው።

ይህን ያነበብኩት ፒያሳ አካባቢ ማተሚያ ቤት ስሠራ ነው። የማኅበሩ ተደራዳሪ ነበርኩ። ለሚቀጥለው ድርድር አትክልት ተራ ወረድኩና አንድ ፊደል ለቃሚ ለሳምንት በሚተርፈው ብር አስቤዛ ገዛሁ። ዘንቢሉ ግማሽ እንኳ አልሞላም። እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሥራ አስኪያጁ አንዷን ሽንኩርት አንሥቶ እያገላበጠ ብዙ ዝም አለ። የምሳ ድጎማው የኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ገባ።

ቤቪን በ1922 ብዙ ማኅበራትን አዋሕዶ ታላቅ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር አቋቋመ። በ1940 የሥራ ሚኒስትር፣ በ1945 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። የኔቶን ውል በ1949 ለብሪታንያ የፈረመው እሱ ነው።

ግን ለጓደኞችሽ ስትነግሪ ይህንንም አትደብቂ። ኦጋዴን ያኔ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ነበር። በ1946 ኦጋዴን ከብሪታንያና ከጣሊያን ሶማሊላንድ ጋር ተቀላቅሎ በሞግዚትነት ይተዳደር ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ቤቪን ነው። አርብቶ አደሩ ያለ እንቅፋት ከብቱን እንዲያግድ ነው አለ። መንግሥታችን አልተቀበለውም። በ1949 ደግሞ ከጣሊያኑ ሚኒስትር ከስፎርዛ ጋር ሆኖ ኤርትራን ለኢትዮጵያና ለሱዳን የሚያካፍል ዕቅድ አወጣ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ወደቀ። እነዚያን ሳህኖች የደረደረ ሰው የእኛን አገር በካርታ ብቻ ማየቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንቺ ግን እሱ የሄደበትን ያህል መሄድ የለብሽም። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በየዓመቱ ጄኔቫ ላይ የዓለም የሥራ ጉባኤ ያካሂዳል። እያንዳንዱ አገር 2 የመንግሥት፣ 1 የአሠሪ፣ 1 የሠራተኛ ተወካይ ይልካል። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የድርጅቱ አባል ናት። የሠራተኛው ወንበር የማኅበር ሰው ወንበር ነው፤ ድምፅም አለው።

የሆቴላችሁ ድርድር መቼ ነው? የወር አስቤዛሽን ዝርዝር ከነዋጋው ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።